ማስተካከያ፦ 100 ጊጋቢት ለአንድ ሰው አይደለም
ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የምርምር ኔትወርክ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «እያንዳንዱ ተመራማሪ በሰከንድ 100 ጊጋቢት ያገኛል» ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። 100 ጊጋቢት የዋናው መስመር አቅም ነው፤ ተቋማቱ ሁሉ ይጋሩታል። ተመራማሪው ጋ የሚደርሰውን ፍጥነት የሚወስነው በመንገዱ ላይ ያለው ደካማ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፦ አሮጌ ስዊች (ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ የተጨናነቀ ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን ዳታ የሚፈትሽ መከላከያ)፣ ዋይፋይ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 1 ቴራባይት ዳታ ሙሉውን 100 ጊጋቢት ቢያገኝ 80 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በ100 ሜጋቢት (የዚያ አንድ ሺህኛ) ግን 22 ሰዓት ይፈጃል። የጂኖም (የዘረመል) ዳታ ለሚልክ ሰው ይህ በጣም ያማል።

ኢዱሮም ራሱ ኔትወርኩ ነው መባሉም ይታረም። ኢዱሮም እንግዳ ተመራማሪ በራሱ ተቋም የይለፍ ቃል ዋይፋይ የሚያገኝበት አገልግሎት ነው።