ለተከበሩ አቶ ፕለጊን፦ ከሥራ ገበታ ስለ መቅረትዎ

ለተከበሩ አቶ ፕለጊን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ተጭኛለሁ» ብለው አለመገኘትዎን ይመለከታል

«ባሉበት» ያልነው ለደብዳቤው ወግ ነው። ያሉበትን ብናውቅማ መች እንጽፍልዎት ነበር። እርስዎ በፎቶ ማስተካከያው ፎቶሾፕ ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠሩ የሚጫኑ ትንሽ ፕሮግራም ነዎት። ኢንስቶል ሲደረጉ አረንጓዴ ምልክት አሳይተው «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» ይላሉ። ፎቶሾፕ ተከፍቶ ፊልተር የሚለው ሜኑ እስከ ታች ሲወርድ ግን ወይ ፍንክች። ስህተት አላሉ፣ ይቅርታ አላሉ፣ ደህና ዋሉ እንኳ አላሉ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሙቀቱ መክረር በጀመረበት ሰዓት 3 በ1 ሜትር ባነር ያዘዘ ደንበኛ ከኋላ ቆሞ ማራገቢያውን እየተጋራ በየአምስት ደቂቃው «አቦ፣ አላለቀም እንዴ?» ይላል። ለእሱ መልሱን እርስዎ ቢሰጡት ደስ ይለን ነበር።

የእርስዎ መቅረት ያመጣብን ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሠሪ ይጠራል፤ ይመጣል፤ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ድምፅ ጠፋ ቢሉት ፎርማት፣ ፕሪንተር አልታዘዝ አለ ቢሉት ፎርማት። እሺ ይባላል። ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ እርስዎም ከዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ኢንስቶለር፣ ወደዚያው የተሳሳተ ፎልደር ይገቡና እንደገና ይጠፋሉ። በመሃል ተጠርገው የሄዱት የግዕዝ ፎንቶቹ ናቸው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ የሰርግ ጥሪ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የሙሽራው ስም ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣል፤ የሙሽራው አባት ይህንን በፕለጊን ምክንያት ነው ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ ፎርማቱን ትተን እርስዎን በወጉ መጠየቅ መረጥን።

በቅድሚያ መቅረትና ማኩረፍ ይለዩልን። ስምዎ ሜኑው ላይ ኖሮ ደብዝዞ ከታየ ቀርተው ሳይሆን አኩርፈው ነው፤ ያኮረፉትም በፋይሉ ነው። ማተሚያ ቤት ሁሉ ፋይሉን ገና ሲከፍት ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም የኅትመት ቀለም፣ ያደርገዋል፤ እርስዎና ብዙ መሰሎችዎ ደግሞ አርጂቢ፣ ማለትም የስክሪን ቀለም፣ ያውም ባለ 8 ቢት ካልሆነ እጅዎን አያነሱም። መፍትሔው አጭር ነው፦ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ፣ ኢሜጅ ከሚለው ሜኑ ሞድ ውስጥ ገብቶ አርጂቢ ከለርን መምረጥ፣ እዚያው ዝቅ ብሎ 8 ቢትስ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሲኤምዋይኬ መመለስ። በሌላ ስም ያልነው በከንቱ አይደለም። ቀለም በሁለቱ መካከል በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፤ ደንበኛው «ቀዩ ሞተብኝ» ሲል የሚታየው ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ስምዎ ጭራሽ ከሌለ ግን ወደ መዝገብ እንሄዳለን። አያውቁም ይሆናል እንጂ ፎቶሾፕ ማን ገባ ማን ቀረ የሚል የስም መቆጣጠሪያ አለው። ሄልፕ ውስጥ ሲስተም ኢንፎ ይባላል። ሲከፈት ረጅምና አሰልቺ ጽሑፍ ይወጣል፤ ኮፒ የሚለውን ተጭኖ ኖትፓድ ላይ መለጠፍና በኮንትሮል ኤፍ ስምዎን መፈለግ ይቀላል። «ኦፕሽናል ኤንድ ሰርድ ፓርቲ» ከሚለው ሥር ከተገኙ ገብተዋል፤ ነገሩ ሌላ ነው። «ፌልድ ቱ ሎድ» ከሚለው ሥር ከሆኑ መጥተው ከበር ተመልሰዋል። «ዱፕሊኬት ኤንድ ዲሴብልድ» ላይ ከሆኑ ወይ ሁለት ቦታ ፈርመዋል፣ ወይ አንድ ሰው አግዶዎታል። ከሁሉም ከሌሉ ደግሞ ፎቶሾፕ ዓይኑ አላረፈብዎትም፤ ሰፈር ተሳስተዋል። ይህ ሁሉ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰፈር መሳሳቱን እናንሳው፤ ዋናው ጥፋትዎ እሱ ነው። እያንዳንዱ የፎቶሾፕ ቨርዥን የራሱ ግቢ አለው። ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ አዶቢ፣ ከዚያ አዶቢ ፎቶሾፕ 2023 የሚለው ፎልደር፣ በውስጡ ፕለግ ኢንስ። እኛ ወደ 2024 ስንዛወር እርስዎ ማንም በሌለበት 2023 ግቢ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። «ንገሩኝ እንጂ» ይሉ ይሆናል፤ አዲሱ ፎቶሾፕ ሴቲንግ ይዞ ይመጣል እንጂ እርስዎን ተሸክሞ አይመጣም። ኢንስቶለሩን ደግሞ ማስነሳትና ግቢውን በትክክል ማሳየት ይገባል። ነጠላ ፋይል ከሆኑ ሁሉም ቨርዥን የሚያየው የጋራ ግቢ አለ፦ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ኮመን ፋይልስ፣ አዶቢ፣ ፕለግ ኢንስ፣ ሲሲ። የሚቀመጠው ፋይል መጨረሻው 8ቢኤፍ የሚለው ነው፤ ዚፑን እንዳለ ወስዶ የሚወረውር ሰው ታሽጎ የመጣ እንግዳ ሳሎን አስቀምጦ «ለምን አይጫወትም» እንደሚል ነው። የድሮውን ፕለግ ኢንስ ፎልደር ሙሉውን ገልብጦ አዲሱ ላይ መለጠፍም አይሆንም፤ የአዶቢ የራሱ አሮጌ ፋይሎች አብረው ገብተው ሌላ ሁከት ያስነሳሉ።

የደቻቱ ወንዝ የድሬን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን እንደሚከፍል ዊንዶውስም ሁለት ማዶ አለው። በአንዱ ማዶ ፕሮግራም ፋይልስ፣ በሌላው ማዶ ኤክስ86 የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ፕሮግራም ፋይልስ። እኛ ከዚራ ስንጠብቅዎት እርስዎ መጋላ ወርደው ቁጭ ይላሉ። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ኤክስቴንሽን ፓነል የሚባሉት፣ በራሳቸው መስኮት የሚከፈቱት ዘመዶችዎ ሰፈራቸው በእርግጥም ያ ማዶ መሆኑ ነው፦ ኤክስ86፣ ኮመን ፋይልስ፣ አዶቢ፣ ሲኢፒ፣ ኤክስቴንሽንስ። ስለዚህ «ኤክስ86 ሁሉ ስህተት ነው» የሚል ምክር አይሰማ።

በፎልደርዎ ወይም በፋይልዎ ስም መጀመሪያ ላይ ይህች የሞገድ ምልክት ~ ካለች ደግሞ ፎቶሾፕ ሆን ብሎ ያልፍዎታል። አንድ ሰው ለሙከራ አስቀምጧት ረስቶ ነው። ምልክቷን አጥፍቶ ፎቶሾፕን እንደገና መክፈት ነው።

አሁን ከበር ወደ ተመለሱበት ጉዳይ። ፎቶሾፕ በዊንዶውስ ላይ ባለ 32 ቢቱን፣ የድሮውን የፕሮግራም አሠራር፣ ከቨርዥን 20 ጀምሮ፣ ማለትም ከጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ትቶታል። እርስዎ ግን ባለ 32 ቢት ሆነው ይመጣሉ። ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ድሬ ሩቅ አይሄድም። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ የደረሰው የድሮው ባቡር ሐዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ የጅቡቲ መስመር 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ባቡር ሞተሩ ቢወለወል፣ ቀለም ቢቀባ፣ አሥር ጊዜ ቢነሳ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም። ባቡሩ ስለ ተበላሸ አይደለም፣ እግሩ ስለማይገጥም ነው። እርስዎም መቶ ጊዜ ቢጫኑ ያው ነዎት። ሠሪዎ ባለ 64 ቢት አውጥቶ ከሆነ እሱን ማውረድ፤ ካልሆነ ጡረታዎን ይቀበሉ።

ባለ 64 ቢት ሆነውም «ቪሲራንታይም 140 ዲኤልኤል አልተገኘም» እያሉ የሚመለሱበት ቀን አለ። ዲኤልኤል ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል ነው፤ ጓደኛዬ ካልመጣ አልሠራም ማለትዎ ነው። ጓደኛዎ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ነው፤ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ ይወርዳል፣ ለባለ 64 ቢቱ ኤክስ64 የሚለው ይመረጣል፣ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረጋል። ያቺን አንዲት ዲኤልኤል ከማይታወቅ ገጽ አውርዶ ሲስተም 32 ውስጥ መወርወር ግን በሽታን በገንዘብ መግዛት ነው።

የፓነል ዘመዶችዎ ሰበብ ለብቻው ነው፤ ማኅተም። «በአግባቡ ያልተፈረመ ስለሆነ አልተከፈተም» ይላል መልእክቱ። ፓነሉ ሲሠራ የታተመበት ማኅተም በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ይቆጥራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ነጥብ ከተነካ ማኅተሙ ይፈርሳል። እዚህ ላይ «የአዝራሩን ስም አማርኛ ላድርገው» ብሎ የነካካውን ሰው እጁን መያዝ ነው። መድኃኒቱ ያልተነካውን ከሠሪው እንደገና ማውረድ ነው። ሠሪው ራሱ ካልፈረመና የሚታመን ከሆነ በሬጂስትሪ ኤዲተር ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ አዶቢ፣ ከዚያ ሲኤስኤክስኤስ ከነቁጥሩ (በፎቶሾፕ 2022 ቁጥሩ 11) ተገብቶ ፕሌየር ዲበግ ሞድ የሚል ስትሪንግ ይፈጠርና ዋጋው 1 ይደረጋል። ስትሪንግ ነው፤ ዲወርድ ብሎ የፈጠረ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢሞክር አይሠራለትም። ይህ ግን በሩን ለማንኛውም ማኅተም አልባ ይከፍታል፤ እኛ ከሥራ በኋላ ወደ 0 መመለሱን እንመርጣለን። አዲሶቹ የአፕል ቺፕ ማኮች ላይ ደግሞ ፎቶሾፕ በሮዜታ፣ ለድሮው ኢንቴል ቺፕ የተሠራውን በሚያስኬደው የአፕል አስተርጓሚ፣ ካልተከፈተ የሲኢፒ ፓነል ጨርሶ አይታይም፤ እዚያ ማኅተም መፈለግ ድካም ነው።

ኬላውንም እንርሳ አንበል። ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ፍላሽ፣ «ክራክ» ከሚል ፎልደር ጋር ተቃቅፈው ከመጡ ፀረ ቫይረሱ ገና ሳይታዩ ያስርዎታል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ላይ ስምዎ ይገኛል። «ፀረ ቫይረሱን አጥፉትና ልግባ» የሚሉትን አንቀበልም፤ የባለ ማተሚያ ቤቱ የሁለት ዓመት ፋይል ሲቆለፍ እርስዎ የት ይገኛሉ? በሕጋዊ መንገድ ከኢንተርኔት የወረዱ ከሆነ ግን ሌላ ትንሽ ማነቆ አለችብዎ። ዊንዶውስ ከውጭ በመጣ ዚፕ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ዚፑ ሲፈታ ምልክቱ ለልጆቹ ሁሉ ይተላለፋል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ዚፑን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከታች አንብሎክ። ከፈቱት በኋላ አርባ ፋይል አንድ በአንድ አንብሎክ ማድረግ የቅጣት ሥራ ነው።

ይቺ አንብሎክ በተለይ የምትጠቅመው መሐንዲሶች ዘንድ በንድፍ መሣያው አውቶካድ ላይ የሚቀጠረውን የአጎትዎን ልጅ ነው፤ ኔትሎድ በሚባለው የመጫኛ ትእዛዝ ሲጠራ «ሊጫን አልቻለም» ብሎ የሚፈነግለው ብዙ ጊዜ ያ ምልክት ነው። አውቶካድ 2025 ላይ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሐዲድ ነው፦ ፕለጊኖቹ ከሚሠሩበት የማይክሮሶፍት መሠረት፣ ከዶትኔት ፍሬምወርክ ወደ ዶትኔት 8 ተዛውሯል፣ ለ2024 የተሠራው እንዲገባ እንደገና መሠራት አለበት።

አንዳንዴ ደግሞ ቀርተው ሳይሆን መጥተው ነው የሚያስቸግሩት፤ ፎቶሾፕ ሊነሳ ሲል ይዘውት ይወድቃሉ። ያኔ ፎቶሾፑ ሲጀምር ሺፍት ተጭኖ መቆየት ነው፤ የውጭ ፕለጊኖችን ልለፋቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የስ ይባላል። በሰላም ከተነሳ ጥፋተኛው ከእናንተ አንዱ ነው። 16 ብትሆኑ ስምንታችሁን ከፎልደሩ አውጥቶ መሞከር፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት፤ በአራተኛው ዙር ጥፋተኛው ራቁቱን ይቆማል። ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍት አንድ ላይ ተጭኖ ሴቲንጉን ማጥፋት የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በፊት አክሽንና ብረሽ በፋይል ሴቭ ይደረግ።

እንግዲህ አቶ ፕለጊን፣ ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ሲስተም ኢንፎ ላይ በትክክለኛው አርዕስት ሥር ፈርመው ካልተገኙ ሥራዎን በእጃችን እንሠራዋለን፤ ስምንት ደቂቃ ይወስድብናል፣ እርስዎን ስንፈልግ ያጠፋነው ግን ከዚያ ይበልጣል።

ከሰላምታ ጋር
የከዚራ ባነርና ሰርግ ጥሪ ሠሪዎች

ግልባጭ፦
ለፀረ ቫይረሱ፦ እስረኛው እዚያ ካለ እንዲያሳውቀን
ከኋላ ለቆመው ደንበኛ፦ አላለቀም
ለፎርማት ወዳዱ ባለሙያ፦ ለመረጃ ያህል ብቻ፤ ምንም እርምጃ እንዳይወስድ