ለማይደነግጡ እጆች የቀረበ ውዳሴ

ሀገራችን ጀግኖቿን በማክበር አትታማም፤ ሆኖም ክብሩ እስከ ዛሬ ሲደርስ የኖረው ጋሻና ጦር ይዘው ለዘመቱት ነው እንጂ በየማለዳው ባዶ እጃቸውን በሰው ደም መካከል ለሚያሰማሩት የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያዎች አይደለም። ሐዋሳን በመሰለች፣ ከሆስፒታሎቿ ሌላ በየአስፋልቱ ዳር የክሊኒክ ታፔላ በበዛባት ከተማ፣ የእነዚህን ሰዎች ድፍረት የሚዘክር አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳ ተለጥፎ አለማየታችን ትልቅ ውለታ ቢስነት ነው። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን ለመሙላት የተሰናዳ በመሆኑ፣ ጓንት የሚቀይሩ፣ እጃቸውን የሚታጠቡና ጋውናቸውን አውልቀው ወደ ምሳ የሚሄዱ ፈሪዎች ራሳቸውን ከምስጋናው ውጪ አድርገው እንዲያነቡት በቅድሚያ ይጠየቃሉ።

በመጀመሪያ ለጋውኑ ክብር እንስጥ። የሙያው መመሪያዎች ነጩ ጋውን ከላብራቶሪው በር እንዳይሻገር ያዝዛሉ፤ ምክንያታቸውም በእጅጌው ላይ የተፈናጠቀው ደም፣ ሽንትና አክታ ከነተህዋሲያኑ እዚያው ይቅር የሚል ነው። የእኛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ስስት አያውቅም፤ ያለውን ከወገኑ ጋር ይካፈላል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋውኑ ከነባለቤቱ ባጃጅ ይሳፈርና ከኋላ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይጣበቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው እናት ያቀፈችው ሕፃን እንቅልፍ ጥሎት ጉንጩን በእጅጌው ላይ ሲያሳርፍ፣ እናትየዋ ደንግጣ «ይቅርታ ዶክተር፣ እንዳያቆሽሽብዎት» እያለች ልጇን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ዶክተሩም፣ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና፣ በትሕትና «ግድ የለም» ይላታል። እውነትም ግድ የለውም።

ባጃጁ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ሲያደርሰው ይኸው እጅጌ አሳ ሾርባው ላይ ያጎነብሳል፤ ዳቦ ይቆርሳል፤ ከጓደኛ ጋር በትከሻ ይሳሳማል። ሐይቁ ዳር የአሳ አንጀት የሚለቅሙት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ በሰው መካከል ቀስ እያሉ ሲንጎራደዱ በግርማ ሞገስ ከባለ ጋውኖቹ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ አባ ኮዳ ቆሻሻ የሚያነሣ እንጂ ቆሻሻ የሚያደርስ አለመሆኑ ነው። ጋውኑ ለምን እንደማይወልቅ ለሚጠይቅ ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። ጋውን የለበሰን ሰው የባጃጅ ሹፌር በመልስ አይከራከረውም፤ አስተናጋጅ ቶሎ ይታዘዘዋል፤ የሰፈር ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል። ይህን ሁሉ የሚያስገኝ ልብስ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ቢውል ኪሳራ አይደለምን?

ከጋውኑ ቀጥሎ የጓንቱ ተራ ነው። ጓንት የተሠራው ለእጅ ነው ብለው የሚያስቡ የዋሆች አሉ። ደም በሚቀዳበት ወንበር አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ግን የጓንት ዋነኛ ሥራ የታካሚን ክንድ ማሰር መሆኑን ይረዳል። የክንድ ማሰሪያው ላስቲክ ከጠፋ ቆይቷልና ጓንቱ ይወጠርና ከክርን በላይ ይቋጠራል፤ ባለሙያው በባዶ ሌባ ጣቱ ደም ሥሩን ይዳስሳል፣ መርፌውን ይሰዳል፣ ሲሪንጁ ሲሞላ ቋጠሮውን ይፈታል፣ ከጥጡ ሥር ያመለጠችውን የደም ጠብታም በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርጋታል። ጠንቃቃ የሚባለው ባልደረባው ደግሞ ጓንት ያጠልቃል፤ ነገር ግን «ደም ሥሩ አልዳሰስ አለኝ» ብሎ የሌባ ጣቱን ጫፍ በመቀስ ይቆርጠዋል፤ በዚህም ከዐሥሩ ጣቶች መካከል ለመርፌው የሚቀርበው ጣት ብቻ ራቁቱን ይቀራል። ያ ጓንት እስከ ምሳ አይወልቅም። በር ይከፈትበታል፣ መዝገብ ይገለጥበታል፣ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ይነካኩበታል፣ ስልክ ሲጮኽም ወደ ጆሮ ይጠጋበታል። (ስልኩ ማታ ቤት ሲገባ ለልጅ ካርቱን ማያ ይሆናል።) ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጪ 7 ቀን ያህል መቆየት ስለሚችል፣ ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ላይ የታተመች አንዲት ቀይ አሻራ እስከ እሑድ ድረስ ያለ ዕረፍት ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ትጋት በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

እንዲያም ሆኖ ይህን ሁሉ የሚያስንቀው ጥበብ ያገለገለ መርፌን መልሶ መክደን ነው። መመሪያው መርፌው ከክንድ እንደወጣ ሳይከደን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ ይላል። ሳጥን ውስጥ መጣልማ ማን ያቅተዋል? የእኛ ባለሙያ ክዳኑን በጥርሱ ነክሶ ይቆይና በግራ እጁ ሁለት ጣቶች መካከል ያቆመዋል፤ ከዚያም ከታካሚው ጋር ስለ ከተማው ሙቀት እየተጨዋወተ፣ መርፌውን ሳያይ ወደ ቀዳዳው ይመልሰዋል። ስሌት ለሚወዱ ስሌቱ እነሆ፤ መርፌው ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው የመጣ ከሆነና የተወጋው ሰው ካልተከተበ፣ ቫይረሱ የመተላለፉ ዕድል ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ በኤችአይቪ በኩል ግን ዕድሉ ወደ 0.3 በመቶ ነው። ጀግናው የሚፈራው ታዲያ ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን «የጉበት ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር የሚሰጥ መሆኑን ለታካሚ ያስረዳል፤ «አንተስ ጨረስህ ወይ?» ሲሉት ግን «አንዱን ወስጄዋለሁ» ብሎ ቀሪዎቹን ለፈሪዎች ይተዋል።

ይህ ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ማየት ደግሞ ልብ ይነካል። በ1893 እ.ኤ.አ. አንድ ሐኪም የታይፎይድ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ፒፔት በተባለ ቀጭን መሳቢያ ቱቦ ሲስብ ወደ አፉ ገብቶበት መታመሙ ከተመዘገበ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም የቆየ ባለሙያ ስለ ወጣትነቱ ሲያወጋ በአፍ የሳበውን ሁሉ እንደ ግዳይ እየቆጠረ ነው። ለአታችመንት የመጣችው ተማሪ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ጓንት የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ስትጠይቅ «ልጄ፣ ደም ከፈራሽ ለምን አካውንቲንግ አልገባሽም?» የሚል መልስ ታገኛለች፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እሷም አፍራ ትስቃለች። ወር ሳይሞላ መጠየቋን ትተዋለች። በግምገማ ቅጿ ላይም «በራስ መተማመኗ በጣም ተሻሽሏል» ተብሎ ይጻፍላታል።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ክብር አልጎደሉም። የደም ናሙናን በፍጥነት እያዞረ የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ቱቦ ሲሰበርበት ጥቃቅኑ ጠብታ እስኪሰክን ድረስ ክዳኑ ለ30 ደቂቃ ሳይከፈት እንዲቆይ ይመከራል፤ እኛ ዘንድ ግን ያልተሰበረውም ቢሆን መዞሩን እስኪያቆም የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ክዳኑ ይነሣና የሚዞረው አካል በጣት እየተነካ ፍሬን ይያዝለታል። ባዮሴፍቲ ካቢኔት የተባለው ውድ ዕቃ ደግሞ፣ የቲቢ ናሙና ሲከፈት አየሩን ከባለሙያው ፊት ወደ ውስጥ እንዲስብና በማጣሪያ እንዲያሳልፍ የተሠራ ሲሆን፣ ከፊት ያለው ወንፊት ምንም ነገር እንዳይጋርደው ጥብቅ ማሳሰቢያ አለው። በወንፊቱ ላይ መዝገብ፣ የእጅ ቦርሳና የስልክ ቻርጀር በሥርዓት ተደርድረዋል። ሐዋሳ ሙቀቷ ስለማይቻልም ከጎኑ የቆመው ቬንቲሌተር፣ ካቢኔቱ ወደ ውስጥ የሚስበውን አየር በደግነት ወደ ሰዎቹ ፊት ይመልሰዋል። ስለ ፍሪጁ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የመመርመሪያ ኬሚካሉ፣ ሪኤጀንቱ፣ ከታች፣ የምሳ ዕቃው ከላይ ነው።

እዚህ ላይ የሴፍቲ ቦክሱን ነገር ረጋ ብለን ብናየው አይከፋም። ባለ 5 ሊትሩ የካርቶን ሳጥን ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ እንዲወገድ መመሪያው ያዝዛል። ሳጥኑ ግን ሀብት ነው፤ ሀብት ደግሞ ሩቡ ባዶ ሆኖ አይጣልም። ስለዚህ ሲሪንጆቹ ከአፉ ወጥተው ወደ ላይ መቆም ሲጀምሩ «እትዬ፣ እስቲ ጠቅጠቅ ያድርጉትና ትንሽ ቦታ ይገኝለት» የሚል ትሑት ልመና ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ይላካል። አክብሮቱን ልብ ይሏል፤ በአንቱታ ነው። እትዬ በነጠላ ጫማቸው መጥተው ሳጥኑን አንዴ መሬት ላይ ነረት ያደርጉታል፣ ከላይ በመዳፋቸው ይጫኑታል፣ ከዚያም ታቅፈውት ከግቢው ጀርባ ወዳለው ማቃጠያ ይሄዳሉ። ከካርቶኑ ጎን ብቅ ያለችው መርፌ መዳፋቸውን ስትወጋቸው «ምነው!» ብለው ጣታቸውን እየጨመቁ በረኪና ያፈሱበታል፤ የተወጋ ቦታ ሳይጨመቅ በሳሙናና በውኃ ብቻ እንዲታጠብ የሚያዝዘው ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የክትባቱ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም፤ ዝርዝሩ የወጣው ለጤና ባለሙያዎች ነውና። ከሁሉም በላይ መርፌ የሚነኩት እሳቸው መሆናቸውን ግን ማንም አይክድም።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ሁሉ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱ በይፋ ሲገለጽ፣ የበሽታው ስም ራሱ ከላብራቶሪ የመጣ መሆኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ተነሡ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎችና በሕብረ ሕዋሳቸው ላይ ይሠሩ የነበሩ የማርበርግ፣ የፍራንክፈርትና የቤልግሬድ ከተሞች የላብራቶሪ ሠራተኞች ታመው፣ በዙሪያቸው የነበሩትን ጨምሮ ከ31 ሰዎች 7ቱ ሞተው ነበር። ወሬው ትኩስ እያለ ሁሉም ሰው እጁን ታጠበ፤ ጓንትም በየእጁ ታየ። ደግነቱ ድንጋጤው ብዙ አልቆየም፤ «እስከ ዛሬ ምን ሆንን?» የሚለው ነባሩ ሳይንስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህም ሆኖ ዕቃ የለም የሚል ሐሜት ሐሰት ነው። ዕቃ አለ፤ ስቶር ውስጥ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የሱፐርቪዥን ቀን ነው። እንግዶች ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ መነጽሩ ከነላስቲኩ ይወጣል፣ አዲሱ ጋውን ከነእጥፋቱ ይለበሳል፣ የዓይን ማጠቢያው ላይ የተከመረው ካርቶን ይነሣል፣ የአሠራር መመሪያውን ሁሉም ሠራተኛ በአንድ እስክሪብቶ አንብቤያለሁ ብሎ ይፈርምበታል። እንግዶቹ የአደጋ መዝገቡን ሲገልጡት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። አንድም ሰው አልተወጋም፤ እትዬም አልተወጉም። በሌላው ዓለም ተመራማሪዎቹ ሪኬትስ በ1910፣ ፕሮዋዜክ በ1915 እ.ኤ.አ. ሲያጠኑት በነበረው ተስቦ ሲሞቱ የበሽታው ተህዋስ በሁለቱ ስም ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ተብሎ ተሰይሟል፤ የእኛዎቹ ግን ዝና የማይሹ በመሆናቸው ስማቸውን በአንድ መስመር እንኳ አላስመዘገቡም። እንግዶቹ «ምንም አደጋ ያልተመዘገበበት» ብለው አድንቀው ይፈርማሉ፤ መኪናቸው ከግቢው ሲወጣ መነጽሩ ወደ ላስቲኩ፣ ላስቲኩ ወደ ስቶር ይመለሳል።

ለክፉ ቀን የሚሆነው መድኃኒትም እዚያው ተቆልፎ በደኅና ተቀምጧል። በኤችአይቪ የተጠረጠረ መርፌ የወጋው ሰው መከላከያውን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ጀምሮ ለ28 ቀን መውሰድ እንዳለበት ኃላፊው በቃሉ ያውቁታል። ቁልፉ ግን ንብረት ስለሆነ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አብሯቸው ወደ ቤት ይሄዳል። በቅዳሜና እሑድ ተረኞች ዘንድ ይህ ጉዳይ አንዳንድ ቅሬታ ቢያስነሣም ኃላፊው አስልተው አስረድተዋል፤ ከዓርብ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል 63 ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓርብ ማታ የተወጋ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ገና 9 ሰዓት ይተርፈዋል።