ለጭቃ ቤት ልስን ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?

ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ፀሐይ ግድግዳውን ሁለት ሳምንት ያህል ካሞቀው በኋላ፣ እናቴ አንድ ቀን ጠዋት ቡናዋን ጠጥታ ትነሣና ቤቱን በውጭ በኩል ትዞረዋለች። በመሐል ጣቷ አንጓ ግድግዳውን ታንኳኳለች፤ ቆም ትልና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጭቃው ከማገሩ ጋር እንደተያያዘ ያለበት ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከማገሩ የለቀቀበት ቦታ ግን እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። የጮኸውን ቦታ በከሰል ታከብበዋለች። ዞራ ስትጨርስ ቤቱ እዚህም እዚያም ጥቁር ቀለበት ይዞ ይቆማል፤ እኛ ልጆቿም በዚያ ዓመት ስንት ጆንያ ጭድ እንደምንገዛ ከቀለበቶቹ ብዛት እናውቃለን።

ይህን ቤት አያቴ ጉለሌ ላይ ያሠሩት በ1941 ዓ.ም. ነው። መሠረቱ እስከ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና ጭቃ፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ አራት ትውልድ ኖሮበታል፤ ዛሬም ሰባት ሰው ያድርበታል። የመሳፍንት ቤት አልነበረም፤ ታሪክ የሚባል ነገርም አልተፈጸመበትም። ስለ እንዲህ ያለው ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ከተጀመረ ወዲህ በየመገናኛ ብዙኃኑና በየቤቱ የምሰማው ክርክር ነው። አንዱ ወገን ጥንታዊ ቤቶች ቅርስ ናቸውና ይጠበቁ ይላል። ሌላው ወገን የጭቃ ቤት ዘመኑ ያለፈበትና ለጤና የማይበጅ ነውና ለተሻለ ግንባታ ቦታ ይልቀቅ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ቤቱን ከውጭ ቆመው እያዩ ነው። በከተማችን ቅርስ ተብሎ ለመመዝገብ የማይበቃ፣ ለመፍረስም ያልደረሰ፣ ቤተሰብ በየዓመቱ እየጠገነ የሚኖርበት ብዙ ቤት አለ። የእኔ ጥያቄ ስለዚህ ቤት ነው፤ ጥያቄውም ጥገናው ይፈቀድ፣ ይቅለል፣ ሙያውም ይትረፍ የሚል ነው።

ቤቱ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ጓዳና ፊት ለፊቱ በረንዳ አለው፤ ማድቤቱ ከጓሮ ለብቻው ነው። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ማን እንደመጣ ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልግም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ተረከዙን ጫን አድርጎ ስለሚራመድ፣ ገና ከበረንዳው ሲገባ የቡፌው ብርጭቆዎች ይንሿሿሉ ነበር። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው የሬዲዮ ዜና አይሰማም፤ ሁሉም ሰው ወሬውን አቋርጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። እኔ የቤተሰቤን ፊት አጥብቄ ያየሁትና የማስታውሰው በእነዚያ ለመነጋገር በማይቻልባቸው ሩብ ሰዓቶች ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ከፋሲካ በፊት የላላው ይወጠራል፣ የተቀደደው ይጣፋል፣ ከዚያም በኖራ ይቀባል፤ ኖራው ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እህቴ መሰላል ላይ ቆማ ኖራውን ስትቀባ እናቴ ከታች ሆና ያመለጣትን ቦታ በእንዝርት እያመለከተች የምትቆጣበት ድምፅ፣ ለእኔ ከዶሮው ሽታ ቀድሞ የፋሲካን መቅረብ የሚነግረኝ ነው።

ስለ ልስኑ ግን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ጭቃ ቤትን የሚንቀው ሥራውን ስለማያውቀው ይመስለኛልና። ጥሩ ጭድ የሚገኘው አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ወደ ከተማ መግባት ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ እናቴ በጥቅምት ያከበበችው ቦታ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይጠብቃል። አፈሩ ተቆፍሮ ይነፋል፤ ድንጋዩና ሥሩ ይለቀማል። ከዚያ ከጭዱ ጋር ተደባልቆ ውኃ ይጠጣና በጓሮ ይቦካል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ድረስ በየዕለቱ ይረገጣል፣ ይገላበጣል፣ ውኃ ይጨመርለታል። በእኛ ቤት መርገጡ የልጆች ሥራ ነበር፤ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን እንገባለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭዱ እግር ይወጋል። ከሳምንት በኋላ ጭዱ ይልማል፤ ጭቃው ይጠቁራል፤ እንደ ከብት በረት ያለ ሽታ ያወጣል፤ በጣት መሐል ሲያልፍም እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ እናቴ አንድ እፍኝ ታነሣና ታድቦለብለዋለች፤ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ያልቦካ ጭቃ የተመታበት ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ የቦካው ግን ጭዱ ከአፈሩ ጋር ስለተዋሐደ ዘመን ይይዛል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሁሉ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

መራጊው ሲመጣ ከለቀቀው ቦታ ላይ አሮጌውን ጭቃ አራግፎ ማገሩን ያጋልጠዋል። የበሰበሰ ማገር ካለ ይለወጣል። ከዚያ ምርጊቱ በእጅ እየተወረወረ በማገሩ መሐል ይገባል፤ እሱ ሲደርቅ ልስኑ ይደረብበታል፤ ልስኑ ሲደርቅ ደግሞ ኖራ ይቀባል። አሮጌው ጭቃ አይጣልም፤ ተፈጭቶ ከአዲሱ ጋር ይቦካል። ስለዚህ ዛሬ የምደገፍበት ግድግዳ ውስጥ አያቴ በ1941 ዓ.ም. ያስረገጡት አፈር አለ፤ አባቴ በወጣትነቱ የረገጠውም፣ እኔ በልጅነቴ የረገጥኩትም አለ። ቤቱ ከቶ ያልታደሰበት ጊዜ የለም፤ ሙሉ በሙሉ የተለወጠበት ጊዜም የለም።

በዚህ ቤት ላይ የደረሰው ትልቁ ጉዳት የመጣው በጎ በማሰብ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በዋሽንግተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ፣ እናታችን በየዓመቱ ከጭቃ ጋር ከምትታገል አንድ ጊዜ ይገላግላት ብሎ ገንዘብ ላከ፤ የፊት ለፊቱ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ። እናቴ ደስ አላላትም፤ ነገር ግን ልጇ ከላቡ የላከውን ለመመለስ አንጀቷ አልቻለም። ቤቱ በአንደኛው ዓመት አምሮበት ነበር። በሦስተኛው ክረምት ግን ግድግዳው ማበጥ ጀመረ፤ አንድ ቀን ሌሊትም ሲሚንቶው የአልጋ ስፋት ያህል ሆኖ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ በረንዳው ላይ ወደቀ። ከኋላው ያየነው ጭቃ እርጥብ ነበር፤ የሦስቱ ቋሚዎች እግር በስብሶ በጣት ይፈረፈር ነበር። ምክንያቱን በኋላ ያስረዱን ሰዎች ቀለል አድርገው ነገሩን። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ይተነፍሳል፤ በዚያም መጠን ያብጣል፣ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ስለሚያጣ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሳል። ሰባ ዓመት ያህል የቆዩትን ቋሚዎች ሦስት ክረምት ጨረሳቸው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ያለቀሰው ለቅሶ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን የማነሣው በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የወላጆቻቸውን ቤት ለማደስ ገንዘብ እንደሚልኩ ስለማውቅ ነው። ገንዘቡ ለድንጋይ መሠረቱ፣ ለቆርቆሮው፣ ለአሸንዳው ይዋል፤ ግድግዳውን ግን ጭቃና ኖራ ይልበሰው።

አሁን ወደ ፈቃዱ ነገር ልመለስ። በግቢያችን ከኋላ በኩል አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። አያቴ ያከራዩአቸው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሲፈቅድ፣ ትልቁ ቤት ለእኛ ቀረ፤ ሰርቪሶቹ ግን ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ አንድ የልብስ ገመድ ላይ እያሰጣን፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ኖረናል። ነገር ግን አንድ ነገር ለየን። የእኛን ግድግዳ እናቴ ስታንኳኳ፣ የእነሱን የሚያንኳኳ ጠፋ። ተከራይዋ ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ከነካሁት እጠየቃለሁ ትላለች፤ አከራዩ መሥሪያ ቤት በጀት የለኝም ይላል። እትዬ የምንላት ጎረቤታችን የመኝታዋን ግድግዳ ለማስለሰን በጽሑፍ አመለከተች። ጭድ በራሷ ገንዘብ፣ ጉልበት ከእኛ ከጎረቤቶቿ ነበር፤ የጠየቀችው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። መልሱ ሁለት ክረምት ፈጀ። በሁለተኛው ክረምት የቤቱ አንድ ማዕዘን ተናደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እሷ ቅዳሴ ላይ ነበረች። በአንድ ግቢ፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ዘመን የተሠሩ ሁለት ቤቶች እንዲህ የተለያዩት አንዱ በየዓመቱ ስለተለሰነ፣ ሌላው ስላልተለሰነ ነው። ዛሬ መንገደኛ ሰርቪሶቹን አይቶ ጭቃ ቤት እንዲህ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ የሚፈርደው በአርባና በሃምሳ ዓመት ቸልተኝነት ላይ ነው እንጂ በጭቃው ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት የሌሊት ጉዞ ለእናቴ ዕድሜ ከባድ ነው፤ ማድቤቱ ጭስ አለው፤ በክረምት መኝታ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ኮንዶሚኒየም የደረሳት ታላቅ እህቴ ውኃ ከቤቷ ውስጥ ሲፈስ ባየች ቀን ያሳየችው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ እኔም አብሬያት ተደስቻለሁ። ነገር ግን ለመጸዳጃ ቤት መፍትሔው መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው፤ ለማድቤት ጭስም መፍትሔው ጭስ ማውጫ ነው። ሁለቱንም እኛ ባለፉት ዓመታት አንዱን ጨርሰን ሌላውን ጀምረናል፤ ቤቱ አልከለከለንም።

ሕጋችን ለጥገና ባዳ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት የታወቀ ቤት በግለሰብ እጅ ሆኖ ጥገናው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊሸፍን እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዓይናችን ሁልጊዜ የሚያርፈው በትልልቆቹ ላይ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት መጠበቁ እሰየው ነው። ሆኖም በዚያ ቤት ማንም ሊጥ አያቦካም፣ ማንም ልጅ አይተኛም። ከተማዋ እንዴት እንደኖረች የሚያሳየው ደግሞ ሊጥ የሚቦካበት ቤት ነው። ስለዚህ ባለው ስፋት፣ ባለው ከፍታ፣ በነበረው ዓይነት ጭቃና ኖራ ለሚደረግ ልስን፣ ባለቤቱ ይሁን ተከራዩ በማሳወቅ ብቻ እንዲጀምር ይፈቀድለት። ፎቅ ለሚጨምር፣ ክፍል ለሚቀጥል የሚጠየቀው ፕላንና ፈቃድ ማገር ለሚለውጥ ሰው አይጠየቅ። ጭቃው በጥር ቦክቶ ደብዳቤው በሰኔ ከመጣ፣ ደብዳቤው አልመጣም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ሙያው ነው። እኛን ለረጅም ዓመታት የለሰኑልን አዛውንት ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ደከመ፤ ልጃቸው የብሎኬት ግንበኛ ነው፤ በጭቃ አይሠራም። ከእሳቸው በኋላ በሰፈራችን ምርጊት በእጁ ወርውሮ የሚያስገባ ሰው አላገኘንም። በየክፍለ ከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ኮንክሪትና ብሎኬት ያስተምራሉ፤ ከዚያው ጎን የጭቃና የኖራ ሥራ ጥቂት ሳምንት ቢሰጥ፣ ከላሊበላ እስከ ሐረር ባሉ አሮጌ ከተሞቻችን ሥራ የማያጣ ወጣት ይወጣል። ለጊዜው ግን እኛ ያደረግነው አዛውንቱን ወንበር አቅርበንላቸው በረንዳው ላይ ማስቀመጥ ነው። እሳቸው እየነገሩን፣ እኔና የወንድሜ ልጅ እየወረወርን፣ አምና የጓዳውን ግድግዳ መረግን። ውፍረቱ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ ጥግ ጥጉ ላይ አብጧል። አዛውንቱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ዳሰሱትና «ይይዛል» አሉ።

ዘንድሮ በጥቅምት እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ ዞራ አልጨረሰችም። ግማሹን የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጇ አንኳኳች፤ አንድ ቦታ ላይ አከበበች፣ አጠፋች፣ እንደገና አንኳኩታ አከበበች። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አምስት ቀለበት አለ። ለሰባት ጆንያ ጭድ ቀብድ ከፍለናል።