በኢንፊኒቶ አታናግሩን

«ቱ ፑሊሬ ኩዊ። ቱ ካፒሬ?» («አንተ ማጽዳት እዚህ። አንተ መረዳት?» እንደ ማለት ነው።)

ጣሊያን አገር እየሠራ ይህን ያልሰማ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። የሕንፃው ጥበቃ እንዲህ ያናግረናል። ፋርማሲ ያለችው ልጅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ አሠሪዋ፣ የአሠሪዋ እህት፣ ሁሉም። የገዛ ልጃቸውን ሲያናግሩ ግሡን እንደ ሥርዓቱ ያረቡታል። ፊታቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩ ግን እርባታው ይጠፋና ጥሬው ኢንፊኒቶ፣ እንደ «ማጽዳት» ያለው ያልተረባው ግሥ፣ ብቻ ይቀራል። ድምፃቸውንም ከፍ ያደርጋሉ። ጆሯችን ደህና ነው! የቸገረን ሌላ ነገር ነው።

አብዛኞቹ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያቀለሉልን ይመስላቸዋል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በጣሊያንኛ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ሠርቶት ይሁን ወይስ ሊሠራው ፈልጎ፣ ይህ ሁሉ ያለው በግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «ፓርሎ» ሲባል የምናገረው እኔ ነኝ፣ «ፓርሊ» ሲባል አንተ ነህ፣ «ፓርላ» ሲባል እሱ ወይም እሷ፤ ኢዮም (እኔም) ቱም (አንተም) መጨመር አያስፈልግም። መጨረሻውን ቆርጦ «ፓርላሬ» ብቻ የሚሰጠኝ ሰው ፍሬውን አስቀርቶ ገለባውን ነው የሚያቀብለኝ። ቋንቋ ደግሞ ከሚሰማው ነው የሚቀዳው። ቀኑን ሙሉ ኢንፊኒቶ ሲሰማ የዋለ ሰው ማታ ሌላ ምን ሊያወጣ ይችላል? ከዚያ «ስንት ዓመት ኖራ ጣሊያንኛ አልቻለችም» ይሉናል።

ይህ የኩራት ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ሐኪም ቤት እንሂድ። ባዳንቴ ሆና አንዲት አሮጊት የምትጠብቅ እህታችን ለሐኪሙ «ሲኞራ ኖን ዶርሚሬ» አለች እንበል። ልትናገር የፈለገችው «እትዬ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም» ነው። ጣሊያንኛ ግን ለአንድ ሰው «አታድርግ» የሚለው በዚሁ በኢንፊኒቶ ነው። ስለዚህ ያለችው «ሲኞራ፣ እንዳትተኚ!» ሆነ። ሐኪሙ ገምቶ ይረዳት ይሆናል። ግን ሁለተኛውን ጥያቄ በግምት ሊያልፈው አይችልም፤ ያልተኙት ትናንት ሌሊት ብቻ ነው ወይስ ሰሞኑን ሁሉ? «ኖን ኣ ዶርሚቶ» ካለች አንድ ሌሊት ነው። «ኖን ዶርሚቫ» ካለች ሲደጋገም የቆየ ነገር ነው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ወይም ሲንዳካቶ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ቢሮ እንግባ። እሑድ እሑድ ስትሠራ ኖራ ያልተከፈላት ሴት ክፍያዋን ልትጠይቅ ትቀመጣለች። «ኦ ላቮራቶ ዶሜኒካ» ካለች የሠራችው ባለፈው እሑድ፣ አንድ ቀን ነው። «ላቮራቮ ላ ዶሜኒካ» ካለች ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ትሠራ ነበር ማለት ነው። የዓመታት ገንዘብ በ«ላቮራቶ» እና በ«ላቮራቮ» መካከል ነው ያለው! ሁለቱም ከላቮራሬ የወጡ ናቸው፤ ላቮራሬም ፍጹም መደበኛ ግሥ ነው፣ አንዲት ያፈነገጠች ቅርፅ የለውም። በአንድ ሳምንት የሚያዝ ነገር ነው። ማንም ስላላሳያት ብቻ ገንዘቧ ይቀራል።

እኔ የምናደደው በጣሊያኖቹ ብቻ አይደለም። የራሳችን ሰውም አለበት። አዲስ የመጣች ልጅ ደብተር ገዝታ ግሥ መጻፍ ስትጀምር «ኧረ ተይ፣ ፓርላሬ ማንጃሬ ካልሽ ይበቃል፣ እኛ በምን ኖርን?» የሚሏት አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እናንተ የኖራችሁበትን አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው እየለመናችሁ፣ አስተርጓሚ እየፈለጋችሁ፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እየደነገጣችሁ ነው የኖራችሁት። ለዚች ልጅ ለምን ትመኙላታላችሁ? አገር ቤት ከጣሊያን የቀረን ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ የዕቃና የሙያ ስም ነው። በዕቃ ስም ጋራዥ ይገባል። ፍርድ ቤት ግን አይገባም።

አሁን ወደ ኮርሱ። የሄድንበት ሁሉ አንድ ነው። መስከረም ላይ ይከፈታል፣ በፕሬዜንቴ፣ በአሁን ጊዜ፣ ይጀመራል። ገና በአሬ፣ በኤሬ፣ በኢሬ የሚያልቁትን ሦስቱን ወገኖች ለይተን ፓርላሬ፣ ክሬዴሬ፣ ዶርሚሬ እያልን ሳለ አዳዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፤ መምህሯ እነሱን እንዳታስቀር እንደገና ከ«ኢዮ ፓርሎ» ትጀምራለች። ፓሳቶ ፕሮሲሞ፣ የ«ኦ ላቮራቶ» ጊዜ፣ ላይ ስንደርስ ገናና ፋሲካ አልፎ በጋ ይገባል። ተዘጋ። በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ «ኢዮ ፓርሎ»። መምህራኑን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ልባቸውን ሰጥተው ነው የሚያስተምሩት። አሠራሩ ግን ሰውን ዕድሜ ልኩን በፕሬዜንቴ ያስቀምጠዋል፤ ትናንትም ነገም ምኞትም የሌለው ሰው ያደርገዋል።

ሕጉ ደግሞ አይጠብቅም። ለረጅም ጊዜ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤ2፣ የጀማሪው የጣሊያንኛ ደረጃ፣ ፈተና አለ። ዜግነት ለሚጠይቅ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ ቢ1፣ ተጠየቀ። ቢ1 ማለት ኢምፔርፌቶ (የ«ላቮራቮ» ጊዜ)፣ ፉቱሮ (የወደፊቱ)፣ ኮንዲሲዮናሌ («ባደረግሁ ነበር» የሚባልበት) የሚባሉት ሁሉ በእጅ መግባት አለባቸው ማለት ነው፤ ኮንጁንቲቮም («ያደርግ ዘንድ»ን የሚመስለው) ብቅ ይላል። በፕሬዜንቴ ያስቀመጡን እዚያ እንድንደርስ ይፈትኑናል!

ለሚፈራው ሰው አንድ ነገር ልንገር፣ ምክንያቱም ሰንጠረዡ ራሱ አስፈራሪ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ሰባት ሞዶ (አንቀጽ)፣ ሃያ አንድ የግሥ ጊዜ ተብሎ በአንድ ገጽ ሲደረደር ማን ይደፍራል? ግን ከሃያ አንዱ ዘጠኙ ድርብ ናቸው፤ ረዳት ግሦቹን አቬሬን ወይም ኤሴሬን ካወቅህ ኋላቸው ላይ «ፓርላቶ»፣ «ክሬዱቶ»፣ «ዶርሚቶ» መጨመር ብቻ ነው። ከቀሩት ውስጥ ፓሳቶ ሬሞቶን፣ የሩቁን ኃላፊ ጊዜ፣ ሚላን የምትኖር ሰው አፏን ማሠቃየት የለባትም። እዚያ ማንም በንግግር አይጠቀምበትም፣ መጽሐፍ ላይ ስታየው ብታውቀው ይበቃል። ሲሲሊ ከሆነች ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥም ይነገራል። ይህን የሚነግረን አጣን። ሁሉንም እኩል አሸክመው ደረደሩብን።

ከባዱን ደግሞ ቀላል ነው ብለው ያልፉታል። «መደበኛ ግሥ» የሚለውን ስም ሰምተን ዶርሚሬ «ዶርሞ» ከሆነ ፑሊሬም «ፑሎ» ይሆናል ብለን እንሄዳለን። አይሆንም፣ «ፑሊስኮ» ነው። ካፒሬ «ካፒስኮ»፣ ፊኒሬ «ፊኒስኮ»። ኢንፊኒቶውን አይቶ የትኛው «ኢስክ» እንደሚገባበት ማወቂያ የለም፣ አንድ በአንድ መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያጸዳ ሰው የሙያው ግሥ ይሄ ነው እኮ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው አይገባም?

ደብተራችን ላይ በፊደላችን የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ልዩ ጣጣ አለብን። «እንናገራለን» የሚለው ፓርሌሬሞ ነው። «በተናገርን ነበር»ን የሚቀርበው፣ ኮንዲሲዮናሌው፣ እሱም ፓርሌሬሞ ነው፤ ሞ ይጠብቃል። «እናገራለሁ» ፓርሎ፣ «ተናገረ» የሚለው ሬሞቶም ፓርሎ፤ ኋለኛው ድምፁ መጨረሻው ላይ ጠንክሮ ይረገጣል። ፊደላችን ጥብቀቱንም ርግጫውንም አያሳይም። ጣሊያኖቹ፣ ሐበሾች በንግግር ሞ ሲላላና ሲጠብቅ መለየት ያቅታቸዋል ብለው ያስባሉ፤ «ይመታል» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለይ ሕፃን ሆኖ የተማረ ሕዝብ ግን ይህን ለመስማት የተፈጠረ ጆሮ አለው። አንድ ቀን «ይሄኛው ይጠብቃል» ብሎ የሚነግረን መምህር ብናገኝ ጨረስነው።

አክብሮቱን ሳልናገር አላልፍም፣ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነውና። የሰው እናት ሰማንያ አምስት ዓመት የሆናቸውን «ተኚ» የሚል ሐበሻ የለም፤ አፋችን እንቢ ይላል። ጣሊያንኛም አንቱታ አለው፣ ሌይ። ለትንሽ ልጅ «ዶርሚ»፣ ለትልቅ ሰው «ዶርማ»። መብላትም እንዲሁ፤ ለልጅ «ማንጃ»፣ ለትልቅ ሰው «ማንጂ»። ልብ በሉ፣ በኢሬ የሚያልቀው አክብሮቱን በአ ያደርጋል፣ በአሬ የሚያልቀው በኢ፤ ይገለባበጣል። ይህን ያልተማረች እህታችን አሮጊቷን ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትል ትኖራለች፣ ልቧ ውስጥ እርስዎ እያለች።

እና ይሄ የአክብሮት ትእዛዝ ከየት የመጣ ነው? ከኮንጁንቲቮ! «ቢ1 ስትደርሱ ታዩታላችሁ» የሚሉን፣ እንደ ሩቅ ተራራ የሚያሳዩን ኮንጁንቲቮ ለባዳንቴ የመጀመሪያ ቀን ቃሏ ነው። ያውም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ የነበረ የግእዙን እርባታ ከነትርጉሙ ያስታውስ፦ ቀደሰ፣ አመሰገነ። ይቄድስ፣ ያመሰግናል። ይቀድስ፣ ያመሰግን ዘንድ። ይቀድስ፣ ያመስግን። ዘንዱና ትእዛዙ በግእዝ አንድ ቅርፅ ናቸው። «ዶርማ»ም እንደዚያው ነው፤ ይተኙ ዘንድም ነው፣ ይተኙም ነው። «አልነገርኳቸውም» የሚለውን ማን እንደነገረ፣ ለማን፣ መቼ፣ አሉታውንም ጭምር በአንድ ቃል የሚያስር ሕዝብ በስድስት መጨረሻ ይሸነፋል ብሎ ማሰብ ንቀት ነው።

ስለዚህ ለአሠሪዎች፦ ስታናግሩን የልጆቻችሁን መምህር እንደምታናግሩት አናግሩን። ቀስ በሉ፣ ግሡን ግን አትቁረጡብን። በሌይ «ካፒሼ?» (ይገባዎታል?) በሉን።

ኮርስ ለምታዘጋጁ፦ ቤት ውስጥ እያደረ የሚሠራ ሰው በሥራ ውሉ መሠረት በሳምንት እስከ 54 ሰዓት ይሠራል። የሚወጣው እሑድና በአብዛኛው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እናንተ ግን ክፍሉን ሰኞና ረቡዕ ጠዋት አድርጋችሁ «ሐበሾች አይመጡም» ትላላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት ክፈቱት። በኢምፔርፌቶ ጀምሩልን፣ ፕሬዜንቴውን እናውቀዋለን።