እርማት፦ አጥቂው ባይያዝም ካሳ መጠየቅ ይቻላል

ወንድሜ፣ አሜሪካ ውስጥ በቆዳ ቀለሙ የተነሳ ስለተደበደበው ልጅ «ደብዳቢዎቹ ካልተያዙና ጥላቻው በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ ካሳ የለም፤ ባይደክም ይሻለዋል» ብለሃል። ይህ ስህተት ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ አምኖ መብቱን የሚተው ሰው ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እያንዳንዱ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚከፍል ፕሮግራም አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የፌዴራል ፈንድም ይደግፈዋል፤ የእሱ ዋና ምንጭ የወንጀለኞች መቀጮ ነው። ልጁ ካሳ ለማግኘት አጥቂው እስኪታሰር ወይም እስኪፈረድበት መጠበቅ የለበትም። የጥላቻውን መነሻ ማስረዳትም አይጠበቅበትም፣ መደብደቡ ራሱ ይበቃል። በአብዛኛው የሚጠየቀው በጊዜው ለፖሊስ ማመልከትና መተባበር ነው። ኢንሹራንስ ያልሸፈነው የሕክምና ወጪ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ ከሥራ በመቅረት የታጣ ደመወዝ፣ ሰው ከሞተም የቀብር ወጪ ይካተታል። የተሰበረ መኪና ወይም የተሰረቀ ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ አይካተትም።

«ገንዘብ ያለው በክስ ነው» ያልከውም ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ፖርትላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ዘረኞች ደብድበው የገደሉት የወገናችን የሙሉጌታ ሥራው ቤተሰብ በ1990 በፍትሐ ብሔር ክስ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ተከሳሾቹ ግን ያን ያህል ሀብት ስላልነበራቸው እጁ የገባው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ልጁ ደረሰኞቹን ይያዝ። የማመልከቻው ቀነ ገደብ በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ዛሬውኑ ይጠይቅ።