ቫይረስ ነው፣ ዲስኩ ነው፣ ራይተሩ ነው

ኮምፒውተር እየገጣጠሙ የሚሸጡ የከተማችን ባለሙያዎች፣ «ዲቪዲ በርን ሳደርግ (ባዶ ዲስክ ላይ ስጽፍ) ይዘገይብኛል» ብሎ ለመጣ ደንበኛ ሌላ ዕቃ ከመሸጣቸው በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ከፍተው እንዲያነቡ መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ ነገር ነውን? እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እያዘጋጀሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይህችን መስመር የሚያነብልኝ በመጥፋቱም የሥራ ወቅቴን ያሳለፍኩት በብስጭት ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ዲቪዲ ያያል?» የምትሉ አትጠፉም። ጣና ዳርና ዓባይ ድልድይ ላይ የተቀረጹት ሙሽሮች ቪዲዮውን በስልካቸው ሊወስዱ ይችላሉ። ዘጌ ያሉት ወላጆች ግን ቤታቸው ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ ለእናት አንድ፣ ለአባት ወገን አንድ፣ ለሚዜዎች አንድ እየተባለ የሚታዘዘው ዲስክ ተሟልቶ ካልተረከበም ቀሪ ክፍያ የሚባል ነገር አይታሰብም።

አዲሱን ኮምፒውተር ያስገጣጠምኩት ሥራው እንዲፈጥን ነበር፤ ኤዲቲንጉ በእርግጥም ፈጥኗል። ዲቪዲ ላይ ሲደረስ ግን 16ኤክስ የተባለው ራይተር (ዲስኩ ላይ የሚጽፈው መሣሪያ) አንዱን ዲስክ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ጀመር። በርን ማድረግ በተጀመረ ቁጥር የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይዘላል፤ ፕሮግራሙ ላይ ያለው የበፈር (ዳታው እስኪጻፍ የሚቆይበት ጊዜያዊ ማከማቻ) መስመር ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ እንደገና ይወርዳል፤ የራይተሩም ድምፅ ከፍ ሊል ይጀምርና መልሶ ይደክማል።

የመጀመሪያው መልስ፣ እንደምትገምቱት፣ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነበር። ፎርማት ተደረገ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «እህቴ፣ የገዛሽው ዲስክ ፎርጅድ ነው፤ እኛ ጋ ኦሪጅናሉ አለ» ተባልኩ፤ ኦሪጅናል የተባለውም ያው ግማሽ ሰዓቱን ወሰደ። ከዚያ ራም ይጨመር ተባለ፤ በመጨረሻም ራይተሩ ራሱ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ራይተር ተሸጠልኝ።

ከእነዚህ ምክሮች መካከል በቁጥር ቢፈተን የሚቆም የለም። ለዲቪዲ 1ኤክስ ማለት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ነው፤ 16ኤክስም ቢሆን በሰከንድ ወደ 22 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህ ፍጥነት የሚደረሰው ደግሞ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ራይተሩ ከመሃል ሲነሳ ከዚያ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው የሚጽፈው፤ እንዲያም ሆኖ 4.7 ጊጋባይቱ በ6 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ሀርድ ዲስኬ ከዚህ የሚበልጥ ፍጥነት እንዳለው ፋይል ስገለብጥ በዓይኔ የማየው ነገር ነው፤ ታዲያ ራም መጨመር ለምን ይጠቅማል? ዲስኩንም ቢሆን ከጥርጣሬ ነጻ የሚያወጣ ቀላል ፈተና ነበር፤ ከፋብሪካ ተጽፎ የመጣ ዲቪዲ ወደ ኮምፒውተሩ ስገለብጥም ፍጥነቱ እንደዚያው የተጎተተ ነበር፤ መጻፉ ብቻ ሳይሆን ማንበቡም ከዘገየ ባዶ ዲስክን መክሰስ ምን ይባላል? ተበላሸ የተባለውን ራይተርም አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ምንም ሳይንገራገጭ ጽፏል። ይህን ሁሉ ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ነገሩ የተገኘው ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት መስኮት) ውስጥ ነው። ገጣጣሚው ዊንዶውስ 7 ሲጭን ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ ሳታውን፣ ማለትም ሀርድ ዲስክና ራይተር የሚሰካበትን መስመር፣ አይዲኢ በሚባለው የድሮ አሠራር ትቶታል፤ ራይተሩ የተሰካበትን ቻናል ከፍቼ አድቫንስድ ሴቲንግስ የሚለውን ስመለከት፣ አልትራ ዲኤምኤ መባል የነበረበት መስመር ላይ «ፒአይኦ» ተብሎ ተጽፏል። በዲኤምኤ ዳታው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በራሱ መንገድ ወደ ራምና ከራም ይመላለሳል፤ በፒአይኦ ግን ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራውን ትቶ ዳታውን በጥቂት በጥቂቱ ራሱ ያመላልሳል፤ ከዘጌ የመጣን የቡና ጆንያ ከጀልባ ላይ እፍኝ በእፍኝ እንደማውረድ ነው። ቀስቱ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነበር። የራይተሮች የውስጥ በፈር አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ በ16ኤክስ ፍጥነት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ራይተሩ ዲስኩ እንዳይበላሽ መጻፉን አቁሞ ይጠብቃል፣ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል።

ዊንዶውስ ወደ ፒአይኦ የሚወርደው በመስመሩ ላይ የዳታ ስህተት ሲደጋገምበት ነው። የእኔን ሳጥን ብከፍተው የራይተሩ የሳታ ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ በደንብ ሳይገባ ተንጋዶ አገኘሁት። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ቻናሉን ከዲቫይስ ማኔጀር አጥፍቼ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ሳደርገው ዊንዶውስ እንደ አዲስ አውቆት ወደ ዲኤምኤ መለሰው። (ባዮሱን በቀጥታ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ወደ አዲሱ የሳታ አሠራር፣ ቀይሩት የሚሏችሁን ግን ተጠንቀቁ፤ ዊንዶውስ 7 ድራይቨሩ አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ አልነሳም ሊል ይችላል።) አሁን ዲስኩ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ቀስቱም አይንቀጠቀጥም።

ይህን ለገጣጣሚው ስነግረው «ኬብል እኮ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ። ትንሽ ነገር ከሆነ አስቀድሞ ማየት ለምን አልተቻለም? ለሁለተኛው ራይተር የከፈልኩትን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው ደግሞ ሳይናገር በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ፤ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ካርቶኑን የከፈተው እሱ ራሱ ነበር።