ይድረስ ለክቡር እልፍኝ አስከልካይ ራውተር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደጅዎን ስጠና ከማምሸቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ የምንጠይቅዎ ትልቅ ነገር አልነበረም። መቀመጫዎ የሆነው የፒያሳው ፔንሲዮን ባለቤት አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው፣ ጎንደር ያለ ግቢያቸውን በስልካቸው ማየት አማራቸው። ይኸው ነው።

ግዛትዎ በሦስት ቪላን፣ ማለትም እርስ በርስ በማይተያዩ የኔትወርክ ክፍሎች፣ ተከፍሏል፦ 10 ለእንግዶች ዋይፋይ፣ 20 ለሂሳብ ክፍል፣ 30 ለካሜራዎች። የአልጋ ተከራይ ስልክ የካሸሯን ኮምፒውተር እንዳይጎበኝ ነውና ክፍፍሉን አልነቅፍም። እኔም ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከውጭ የመጣን ጥሪ ወደ ውስጥ መምራት) ከሚለው ገጽ ገብቼ፣ ከውጭ በ8554 ፖርት፣ ማለትም ቁጥር በተሰጠው በር፣ የመጣውን ሁሉ ወደ ካሜራው አድራሻ 192.168.30.10፣ ፖርት 554 እንዲያሳልፉልኝ ለመንኩ። አረንጓዴ አብርተው «እሺ» አሉኝ።

«እሺ ነገ» ማለትዎ ኖሯል! ሌላ ገጽ ላይ፣ ፋየርዎል ከሚሉት ጓዳ፣ ከውጭ ወደ ቪላን 30 ዝር የሚል እንዳይኖር ሌላ ትእዛዝ አስፍረዋል። አንዱ ገጽ እንግዳውን ወደ ካሜራው ይመራል፣ ሌላው ደፉ ላይ ያግደዋል። ሁለቱም የእርስዎ ናቸው፤ ግን አይነጋገሩም።

ይሁን፣ እሱንም ፈቀድን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አድራሻ አዳዩ የራስዎ ዲኤችሲፒ ለካሜራው 192.168.30.14 የሚል አዲስ አድራሻ ሰጠው፤ ማዘዣዎ ግን .10ን ማንኳኳቱን አልተወም። አድራሻውን ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው መለያ፣ በማክ አድራሻው፣ ቋሚ እስክናደርግለት ድረስ፣ ማንም የሌለበትን ቤት በታማኝነት አንኳኩ።

ከደጃፍዎ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ፋሲል ግቢ፣ ያን ሁሉ ቤተ መንግሥት ይዞ 12 በር በቅቶታል። እርስዎ እስከ 65535 የሚቆጠር ፖርት ታጥቀው አንዲት ይነፍጉናል። በይለፍ ቃል ለገባው አስተዳዳሪ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ክብር። የእንግዳ ልጅ የጌም ኮንሶሉን ሲሰካማ፣ ዕቃዎች ራሳቸው በር እንዲያስከፍቱ በሚፈቅደው ዩፒኤንፒ በኩል ማንንም ሳይጠይቁ ከፍተውለታል። ለጨዋታ ሲሆን እጅዎ እንዴት ይፈታል!

ከሁሉ የገረመኝ ግን መጨረሻ ላይ ያየሁት ነው። የውጭ አድራሻዎ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው መደብ በ2012 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ የሕዝብ አድራሻ እንዲያሳድሩ የተለየ ነው። ለካ ከእርስዎም በላይ ሌላ እልፍኝ አስከልካይ አለ! ከውጭ የሚመጣው እርስዎ ዘንድ እንኳ አይደርስም፤ ያ ሁሉ አረንጓዴ መብራት እንግዳ በማይመጣበት በር ላይ የበራ ነው። እኔም ሆንኩ ሕጎቹ የምንታዘዝለት ሹም እርሱም ደጅ ጠኚ ነው ብሎ አንድ ቃል መጻፍ ያን ያህል ይከብድ ነበር?

ለማንኛውም አይጨነቁ። ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክሉምና፣ ቪላን 30 ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጠን ዋየርጋርድ በሚሉት የተመሰጠረ መተላለፊያ ወደ ተከራየነው ሰርቨር እንድትወጣ አደረግናት። እትዬ ግቢያቸውን እያዩ ነው፤ ትናንት ደውለው ጥበቃው ማንቀላፋቱን ነግረውኛል። ካሜራን ለዓለም ሁሉ ከመክፈትም ይህ ይሻላል። የእርስዎ ማዘዣ እንዳለ ነው፣ አልነካነውም፤ አሁንም «እሺ» ይላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ192.168.30.10፣ ካለ